ግፊያ ወይስ ጥምረት

ቱርኩ ከተማ በታኅሣሥ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል፤
አውራ ወንዝ በረዶ ደርቦ ዝም ብሎ ይተኛል።
ሄልካን ግን ጨለማው ከውጭ አይደለም የሚጀምራት፤
ማይክሮስኮፑ ያለበት ክፍል መስኮት የለውም፤ ጥቁር መጋረጃ አለበት።

ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ወንበር፣
የህዋስን ደጃፍ ስትመረምር፤
ተቀባዮቹ እንደ በረኛ ቆመው፣ ከውጭ የመጣ መልእክት ይቀበላሉ፤
ጥያቄው ይኸው ነው፦ ለየብቻ ይቆማሉ? ወይስ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይውላሉ?

በመጀመሪያ ሳሙናው ነበር።
ህዋሱን በሳሙና አሟሙታ፣ ገለፈቱን በትና፣
ፀረ-አካሉን እንደ መንጠቆ ወደ ድፍርሱ ጥላ
አንዱን ስታወጣ ሌላው ተከትሎት ወጣ።
ፕሮፌሰር አርቮ አጨበጨበ፤ እሷ ግን ቅር አላት።
«ሳሙና» አለች «ጭራሽ ያልተዋወቁትን ያጣብቃል፤
በአንድ ባልዲ የታጠበ ልብስ ቀለም ቢዋዋስ
ቤተሰብ ነው ይባላል?»

ሙጫ ሞከረች ቀጥላ፤ ክንዱ አጭር የሆነ ሙጫ፤
ቅርብ ያገኘውን ሁሉ ያሥራል፤ አይጠይቅም ምርጫ።

ስለዚህ ወደ ብርሃን ዞረች።
ለአንዱ ተቀባይ ሰማያዊ ፋኖስ፣ ለሌላው ቢጫ አንጠለጠለች፤
ፋኖሶቹ የጄሊ ዓሣ ናቸው፣ ከቀዝቃዛ ባሕር የተወለዱ፣
ያለ ዘይት፣ ያለ ክር የሚነዱ።
ሌዘሩ የሚነካው ሰማያዊውን ብቻ ነው፤
ቢጫው ሳይነኩት ከበራ፣ ጎረቤቱ አቀብሎት ነው።
ለማቀበልም ከዐሥር ናኖሜትር መራቅ የለበትም፦
ከራስሽ አንዲት ዘለላ ጸጉር ንቀዪ፣ ስምንት ሺ ቦታ ሰንጥቂ፤
የአንዷ ስንጥር ውፍረት፤ ርቀቱ ከዚያ አይበልጥም።

ስምንት ወር ቢጫው በራ።
አርቮ ጽሑፉን ጨረሰ፤ አንድ ጠርሙስ በመስኮቱ በረዶ ውስጥ ቀበረ።
ሄልካን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳት፦
ወደ ህዋሱ ያስገባችው የዘረመል ብዛት።
ህዋስ እሺ ባይ ነው፤ የሰጡትን ያህል ተቀባይ ይሠራል፤
ደጃፉም እንደ ገና ገበያ ይጨናነቃል፤
በገበያ መሀል ትከሻ ለትከሻ ያልተነካካ ማን አለ?
የተነካካ ሁሉ ተጋብቷል ካልተባለ!

ስለዚህ ቀነሰች። በግማሽ። በሩብ። ወደ ዐሥረኛ እጅ።
ቢጫውም አብሮ ወረደ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ቁልቁል እንደሚንሸራተት ልጅ።
ጥንድ ቢሆኑ ኖሮ፣ ጥቂት ሲሆኑም ይፈላለጉ ነበር፤
መስመሩ ወርዶ ወርዶ ባዶው ላይ ባላረፈ ነበር።

መዝገቧ ላይ ጻፈች፦ «ግፊያ ነው።»
ስምንት ወር በሁለት ቃል አለቀ።
አርቮ ግራፉን ብዙ ቆይቶ አየው፤ መነጽሩን አወለቀ፤
ጠርሙሱን ከበረዶው አውጥቶ፣ ሳይከፍተው፣ ቁም ሣጥን ከተተው፤
«አመሰግናለሁ» አለ፤ ድምፁን ግን አጥብቆ ያዘው።

የዚያን ማታ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር፤
እርጥብ ካፖርት፣ የበረዶ ጫማ፣ የታቀፈ የልጅ መንሸራተቻ፤
አጠገቧ አንድ ሰው፣ ትከሻው ትከሻዋን ነክቶ፣
ጉልበቱ ላይ የአኮርዲዮን ሣጥን ብቻ።
ምንም አላለችም። ግፊያ ነው።

ሆስፒታሉ ጋ ዐሥራ አንድ ሰው ወረደ፤
ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሰባት፤
መርከብ ማደሻው ጋ የቀሩትም።
ወንበሩ ሁሉ ባዶ ሆነ።
በዚያ አገር ደግሞ ሰው፣ ወንበር ተርፎ ሳለ
ከማያውቀው ጎን አይቀመጥም፤ ነውር ነው ማለት ይቻላል።
ሹፌሩ በመስታወቱ አያቸው። የጣሪያው መብራት ቢጫ ነው።
ሰውየው አልተነሣም።
እሷም።

ሄልካ ጓንቷን አወለቀች፤ በትንፋሽ በደበዘዘው መስኮት ላይ
በጣቷ ጫፍ ቀኑን ጻፈች፤ ከሥሩም፣ እንደ መዝገብ ልማዷ፦
«አንድ ጊዜ ብቻ ታየ። ይደገም።»